አንድ የእቁብ አፕ በአራት መንገድ፦ የትኛው ቱቶሪያል ለማን ይሆናል?

ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ያለው እቁባችን 24 ሰው አለው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። አንድ እሁድ ደብተሩ ላይ ሽሮ ተደፋበትና የሦስት ሳምንት መዝገብ እንዳለ ወጥ ሆነ። "ከፍያለሁ"፣ "የለም፣ አልከፈልሽም" ሲባባሉ ዋሉ። በመጨረሻ ዳኛችን ወደ እኔ ዞር ብለው "አንተ ኮምፒውተር ትነካካ የለ እንዴ? ስልክ ላይ አድርገውና ገላግለን" አሉኝ። አፕ መሥራት እንደማልችል መናገር አፈርኩ። "እሺ ጋሼ" ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ያንኑ አፕ በአራት ዓይነት ደረጃ በደረጃ ትምህርት (ቱቶሪያል) ሞከርኩት፦ በአፕ ኢንቬንተር፣ በጃቫስክሪፕት፣ በፍላተርና በኮትሊን። ሁለቱን ጨረስኩ። አንዱን መሀል ላይ ጣልኩት። አራተኛው ላፕቶፔን አንቆ ያዘብኝና ተውኩት፤ ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) አስጨምሬ ተመለስኩበት፣ አሁንም እየተማርኩት ነው። መናኸሪያ አካባቢ ባለችው የኮፒና የጽሕፈት ሱቄ ተማሪዎች እየመጡ "በምን ልጀምር?" ይሉኛል። እዚህ የምጽፈው ለነሱ የምነግራቸውን ነው።

ንጽጽሩ ሁሉ በአፑ ላይ ስለሚቆም ምን እንደሚሠራ ልናገር። የአባላቱን ስም ይይዛል። በሳምንቱ የከፈለው ላይ ምልክት ያደርጋል። እቁቡ ካልደረሳቸው መካከል ዕጣ ያወጣል። ተዘግቶ ሲከፈት የተመዘገበው እንዳለ ይገኛል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል። ዕጣ ማውጣትን ማንኛውም ቱቶሪያል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያሳያችኋል። የተመዘገበው እንዳይጠፋ ማድረግን ግን አንዱ በሦስተኛው ቀን፣ ሌላው በሁለተኛው ወር ነው የሚነግራችሁ። ቀኑን አንዳቸውም አያነሱትም። ሱቄ ድረስ መጥተው "ተውኩት" የሚሉኝ ልጆች አብዛኞቹ የተውት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የምመዝነውም በዚሁ ነው።

ከቋንቋው በፊት ላፕቶፑ

"ኮትሊን ይሻላል ወይስ ፍላተር?" ሲሉኝ "ላፕቶፕህ ስንት ራም አለው?" እላለሁ። ጥያቄውን የሸሸሁ ይመስላቸዋል። አንድሮይድ ስቱዲዮ የሚባለው የጉግል መሥሪያ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስልክ አስመስሎ የሚያስነሳው ኢሙሌተር ሲጨመርበት 16 ይላሉ ሠሪዎቹ ራሳቸው። የኔው አሮጌ ላፕቶፕ ያኔ 4 ነበር። ፕሮግራሙን ከፍቼ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ ገና ይሽከረከራል።

ሌላው ዳታ ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው። ሲጫን ተጨማሪ ዕቃ ያወርዳል፤ የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ስትከፍቱ ግሬድል የሚባለው ክፍል እንደገና ያወርዳል። መሀል ላይ ካርዱ ካለቀ ወይም መብራት ከሄደ የሚወጣው ቀይ ጽሑፍ "ኢንተርኔት የለም" አይልም፤ ሌላ የማይገባ ነገር ነው የሚለው፣ እናንተም ኮድ ያበላሻችሁ ይመስላችኋል። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የሌለ ስህተት ስፈልግ ከርሜያለሁ። ከባዱን ነገር የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ አውርዱ፣ ወይም ግቢ ዋይፋይ የሚያገኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለምኑ።

ስለዚህ ስልክ ብቻ ላለው አንድ መንገድ፣ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ላለው ሌላ፣ 8ና ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ ሁሉም ክፍት ነው ማለት ይቻላል።

አፕ ኢንቬንተር፦ ብሎክ እየገጣጠሙ

ኤምአይቲ አፕ ኢንቬንተር ጉግል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያስተዳድረው ነጻ መሥሪያ ነው። ኮድ አይጻፍም። "ቁልፉ ሲነካ" የሚለውን ብሎክ ስባችሁ "ይህን ጽሑፍ አሳይ" ከሚለው ጋር ትገጥሙታላችሁ፤ የማይሆን ነገር ለመግጠም ብትሞክሩ እንቢ ይላል። የሚሠራው በብራውዘር ስለሆነ የሚጫን ከባድ ነገር የለም፤ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ስልካችሁ ላይ ኮምፓኒየን የሚባለውን አፕ ጭናችሁ ኪውአር ኮዱን ስታነሱ፣ ላፕቶፑ ላይ የምታደርጉት ለውጥ ወዲያው ስልኩ ላይ ይታያል። ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው፤ ቤት ዋይፋይ ለሌለው የስልኩ ሆትስፖት ይሠራል።

የመጀመሪያዎቹ ቱቶሪያሎች አጫጭር ናቸው። አንዱ የድመት ሥዕል ሲነካ ሚያው የሚል ነው፤ ሌላው የጻፋችሁትን ስልኩ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያደርጋል። ድመቷን የጨረሰ ልጅ የእቁቡን ዕጣ በዚያው ቀን ይሠራዋል። "ከዝርዝሩ አንዱን በዘፈቀደ ምረጥ" የሚል ብሎክ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የደረሰውን ሰው ከዝርዝሩ የሚያወጣ ብሎክም አጠገቡ አለ። ማስቀመጡስ? ታይኒዲቢ የምትባል ዕቃ ስባችሁ ታስገቡና ሁለት ብሎክ ትገጥማላችሁ፤ አለቀ። እኔ በሦስተኛው ቀን የስም ዝርዝሩን ዘግቼ ስከፍት እንዳለ አገኘሁት። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አንድሮይድ ስቱዲዮ አልሰጠኝም።

ድክመቱ ሲሰፋ ነው። 24 ሰው፣ 24 ሳምንት፣ ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ ሲባል ብሎኮቹ ስክሪኑን ሞልተው ይፈስሳሉ። አንድ ስህተት ለማግኘት ያንን ሁሉ ወዲያ ወዲህ መጎተት ነው። ኢንተርኔት ከሌለም ምንም የለም፤ ፕሮጀክቱ ያለው እነሱ ሰርቨር (በኢንተርኔት የሚገኝ የእነሱ ኮምፒውተር) ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ ወደ ኮትሊን ልሻገር ብትሉ ብሎኩን ይዛችሁ አትሻገሩም። ነገሩ የገባው ጭንቅላት ግን አብሯችሁ ይሻገራል፤ ዝርዝር ምን እንደሆነ፣ "ከሆነ" እና "ካልሆነ" እንዴት እንደሚሠሩ ዳግመኛ አትማሩትም።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያውን ዕጣ ማውጫ በኩራት ይዤ እሁድ ስቀርብ እቁብተኛው አልተቀበለኝም። "ስልክ ያወጣውን ዕጣ ማን ያምናል? አንተ ውስጡ ምን እንዳደረግክ በምን እናውቃለን?" አሉ። ልክ ናቸው። ዕጣው እስከዛሬ የሚወጣው ከተጠቀለለ ወረቀት፣ ከዳኛችን ኮፍያ ውስጥ ነው። አፑ የሚመዘግበው ውጤቱን ብቻ ነው። ከሁሉ ቀላል ሆኖ የተሠራው ክፍል ማንም የማይጠቀምበት ሆነ።

ስልክ ብቻ ላላችሁ

ሱቄ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ ላፕቶፕ የላቸውም። "ላፕቶፕ ስገዛ እጀምራለሁ" ይላሉ። እኔ አልስማማም። አኮድ የሚባል ነጻ የኮድ መጻፊያ አፕ አለ፤ ስልክ ላይ ተጭኖ ድረ ገጽ የሚሠራባቸው ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ይጻፍበታል፣ ውጤቱም እዚያው ይታያል። የድረ ገጽ ትምህርት ነው እንጂ የአፕ አይደለም ትሉ ይሆናል። የድረ ገጽ ኮድ ላይ ሁለት ትንንሽ ፋይል ሲጨመርበት፣ ከስልኩ መነሻ ገጽ ላይ እንደ አፕ አይኮን የሚቀመጥ፣ ያለ ኢንተርኔትም የሚከፈት ይሆናል። ይህን ፕሮግረሲቭ ዌብ አፕ ይሉታል። ሲጫን ኤችቲቲፒኤስ ያለው (በhttps የሚጀምር) የድረ ገጽ አድራሻ ይፈልጋል፤ ጊትሀብ ፔጅስ የሚባለው አገልግሎት ያንን በነጻ ይሰጣል።

ፍሪኮድካምፕ የሚባለው የመማሪያ ጣቢያ ላይ ያለው ነጻ የድረ ገጽ ትምህርት ደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ አንድ መስመር ጻፍ ይላል፣ ትክክል ከሆነ ያሳልፋል፣ ካልሆነ የት እንደተሳሳታችሁ ይጠቁማል። እዚያ ካሉት የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ የድመት ፎቶዎች ገጽ ነው። (የፕሮግራም አስተማሪዎችና ድመት ምን እንዳላቸው አላውቅም።)

የተመዘገበውን ማስቀመጥ በጃቫስክሪፕት ሎካልስቶሬጅ በሚባል ነገር አንድ መስመር ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ሰውየው የብራውዘሩን ዳታ ካጸዳ መዝገቡም አብሮ ይጸዳል። ስልኬ ሞላ ብዬ ክሮምን ያጸዳሁ ቀን የሁለት ሳምንት ክፍያ አብሮ ሄደ። ሽሮው በዲጂታል ተመለሰ በሉት። ከዚያ ወዲህ መዝገቡን በጽሑፍ ፋይል አውጥቶ ወደ ቴሌግራም የሚልክ ቁልፍ ጨምሬበታለሁ።

ስልክ ላይ መጻፍ አድካሚ መሆኑን አልክድም። ቅንፍና ነጠላ ሰረዝ ያለበትን የቁልፍ ገጽ ስትፈልጉ ጣታችሁ ይዝላል። ርካሽ የብሉቱዝ ኪቦርድ ካገኛችሁ ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ኮትሊን፦ ረጅሙ መንገድ

ኮትሊን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠራው ጄትብሬይንስ የሚባል ኩባንያ ነው፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ለአንድሮይድ ተቀበለው፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከጃቫ አስቀድሙት አለ። ጉግል ለጀማሪ ያዘጋጀው "አንድሮይድ ቤሲክስ ዊዝ ኮምፖዝ" የሚባል ነጻ ትምህርት ስምንት ክፍል አለው፤ ፕሮግራም ነክቶ የማያውቅ ሰውም እንዲጀምረው ተደርጎ የተጻፈ ነው። ከደረጃ በደረጃ ትምህርቶች ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው ይኼ ይመስለኛል። አብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነ በዳታ በኩል አይከብድም፤ ከብዶ የሚገኘው መሥሪያው ነው።

መጀመሪያ የልደት ካርድ ትሠራላችሁ። ከዚያ ዳይስ የሚጥል አፕ፣ ከዚያ ለአስተናጋጅ ጉርሻ የሚያሰላ። ዳይሱ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። "ከ1 እስከ 6 ካሉት አንዱን ምረጥ" የምትለዋን መስመር አውጥታችሁ በስም ዝርዝር ተኩት፤ የእቁብ ዕጣ ሆነላችሁ። ይህን ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው ያለፉ ልጆች ሦስት አራት አፕ ጨርሰው "የራሴን መሥራት አልቻልኩም" ሲሉ አይቻለሁ። የተባለውን ገልብጦ መሥራትና መማር የሚለያዩት እዚህች መስመር ላይ ነው።

ማስቀመጥ የሚመጣው ስድስተኛው ክፍል ላይ ነው። ስድስተኛው! ከዚያ በፊት ዝርዝር ማሳየት፣ ከገጽ ወደ ገጽ መሄድ፣ ከኢንተርኔት መረጃ ማምጣት አለ። ከሥራ በኋላ በቀን አንድ ሰዓት ለሚያጠና ሰው ይህ የወራት ጉዳይ ነው። ስትደርሱበት ግን የምትማሩት እውነተኛ የመረጃ ቋት ነው፤ ሩም ይባላል። ማን በየትኛው ሳምንት ስንት እንደከፈለ መጠየቅና መልስ ማግኘት ይቻላል። አፕ ኢንቬንተር ላይ ብሎኮቹ ያቃተኝ ቦታ እዚህ በጥቂት መስመር ያልቃል።

ኢሙሌተሩን እርሱት። የራሳችሁን ስልክ በኬብል ሰክታችሁ ሞክሩበት፤ ራሙም ይተርፋል። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለውን ከፍታችሁ የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ስትነኩት የገንቢዎች ምርጫ የሚባል ክፍል ይከፈታል፤ እዚያ ዩኤስቢ ዲባጊንግን ታበራላችሁ። ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ግን ስልኩ አይታይም፤ መንገድ ላይ ከሚሸጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው።

ፍላተርና ኤክስፖ

ፍላተር የጉግል የአፕ መሥሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ወጣ፣ ቋንቋው ዳርት ነው። አንድ ጊዜ ጽፎ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ማውጣት ይቻላል ስለሚባል ልጆች ይወዱታል። ለአይፎን ለማውጣት ግን ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ አፕል ዘንድ ገንቢ ሆኖ ለመመዝገብ ደግሞ በዓመት 99 ዶላር። እቁባችን ውስጥ አይፎን ያለው አንድ ሰው ነው። የዚህኛው ጥቅም ለኔ ዜሮ ነበር።

እውነተኛ ውበቱ ኮዱን አስተካክላችሁ ስታስቀምጡ ስልኩ ላይ ወዲያው መለወጡ ነው። ለመቅመስ ያህል ምንም ሳይጫን ዳርትፓድ በሚባለው ገጽ በብራውዘር ይሞከራል። እኔ የጀመርኩበት ቱቶሪያል ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል እያጋጠመ ስም የሚያወጣ አፕ ያሠራል፤ የወደዳችሁትን ስም በልብ ምልክት ትይዛላችሁ። አፑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ግን ልቦቹ የሉም። ትምህርቱ እዚያ ያልቃል። ማስቀመጡን ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ነው የምትፈልጉት፤ እኔም የጣልኩት እዚያ ላይ ነው። ከኔ የተሻለ ትዕግሥት ያለው ሰው ይለፈው፤ ሩቅ አልነበረም።

ሪአክት ኔቲቭ የሚባለውን የአፕ መሥሪያ የሠራው ፌስቡክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፣ በጃቫስክሪፕት ይሠራል። እኔ ራሴ አልተማርኩትም፤ ሱቄ የሚመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሠራበት አጠገቡ ሆኜ ነው ያየሁት። ኤክስፖ ከሚባለው ጋር ሲሆን አንድሮይድ ስቱዲዮ ሳይጫን ይጀመራል፦ ስልኩ ላይ ኤክስፖ ጎ ይጫናል፣ ኪውአር ይነሳል፣ አፑ ይታያል። የኤክስፖው ቱቶሪያል ፎቶ ላይ ስቲከር የሚለጥፍ አፕ ነው፤ የሚያዝናና ነው፣ ከእቁብ ግን ይርቃል። ልጁን ያንገላታው ሌላ ነገር ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ኤክስፖ ጎ ራሱን ሲያድስ የቆየው ፕሮጀክት አልከፈት አለ። ድረ ገጽ ቀድሞ የተማረ ሰው ከሆነ ግን ከሁሉ ቅርቡ ይኼ ነው፤ ጃቫስክሪፕቱን ይዞ ይገባል።

ቱቶሪያሎቹ ያልነገሩኝ፦ ቀንና ፊደል

የእቁብ ደብተር "ጥቅምት 9" ይላል እንጂ የፈረንጅ ቀን አይጽፍም። አፕ ላይ ቀን መምረጫ ስታስገቡ የሚመጣው የፈረንጁ ነው። "7 ዓመት ቀንስ" ብሎ የሚያልፍ ሰው አይቻለሁ፤ እሱ የሚሠራው ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ላለው ጊዜ ነው፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ ልዩነቱ 8 ይሆናል። አዲስ ዓመት ራሱ አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ 2016 ዓ.ም. የገባው ለምሳሌ በ12 ነበር። በእጅ ስሌት የሠራሁት ቀመር ጳጉሜን ላይ ሲደርስ አንድ ቀን ሳተ፤ እሁድ ከፋዩን ቅዳሜ አደረገው።

እዚህ ላይ ደረጃው ይገለበጣል። በመማር ቀላል የነበረው አፕ ኢንቬንተር ለኢትዮጵያ ቀን ብሎክ የለውም፤ ቀመሩን ራሳችሁ ትገነባላችሁ። ጃቫስክሪፕት ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ቀን የሚጽፈውን ክፍል ቋንቋው አማርኛ፣ አቆጣጠሩ ኢትዮጵያዊ ይሁን ስትሉት ወሩን በስሙ በአማርኛ ይጽፍላችኋል። አንድሮይድም ከ7.0 ጀምሮ የኢትዮጵያ ካሌንደር ውስጡ አለው፤ ስለዚህ ኮትሊን ላይ ምንም ሳይወርድ ይገኛል። ቱቶሪያሉ ስለማያነሳው ብቻ ነው ሰው የማያውቀው። ለፍላተር ደግሞ አቡሻክር የሚባል ጥቅል አለ። ስሙን ሳየው ሳቄ መጣ፤ የባሕረ ሐሳቡ መጽሐፍ ስልክ ላይ ደረሰ።

ፊደሉስ? አማርኛ ማሳየት አራቱም ላይ ችግር የለበትም። ችግሩ ስም መፈለግ ላይ ነው። አንዷን አባል አንድ ሳምንት ላይ "ፀሐይ" ብዬ፣ በሚቀጥለው "ጸሀይ" ብዬ ጻፍኳት፤ አፑ ሁለት ሰው አደረጋት። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለኮምፒውተሩ እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር ያላቸው ፊደሎች ናቸው። ከመፈለጉ በፊት ሁሉን ወደ አንድ ዓይነት የሚቀይር ትንሽ ሥራ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን እንደ ልምምድ ውሰዱት፤ ከየትኛውም የዳይስ አፕ ይልቅ ዝርዝርንና ድግግሞሽን ያስተማረኝ እሱ ነው።

አንድ ትርፍ ነገር ልጨምር፦ ኮትሊንና ጃቫስክሪፕት የተለዋዋጭ (ኮድ ውስጥ መረጃ የሚያዝበት፣ ቫሪያብል የሚሉት) ስም በአማርኛ ቢጻፍ ይቀበላሉ፣ ዳርት አይቀበልም። ለሥራ አልመክረውም፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ግን "የከፈሉ" የሚል ስም ያለው ዝርዝር ኮዱን ያለ ፍርሃት እንዲነበብ ያደርገዋል።

ቪዲዮ፣ ጽሑፍ፣ ሥልጠና

በአማርኛ የተዘጋጁ የፕሮግራም ቪዲዮዎች ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። ተለዋዋጭ ምን ማለት እንደሆነ በእናት ቋንቋ ሲነገር የሚገባው መግባት ሌላ ነው፤ ለዚያ እነሱን ተጠቀሙ። ደረጃዎቹን ለመከተል ግን ጽሑፍ እመክራለሁ። ጽሑፍ ሠሪዎቹ ያርሙታል፤ ቪዲዮ በተቀዳበት ቀን ይቀራል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሲበላ፣ የጽሑፍ ትምህርት ጥቂት ነው፤ ፒዲኤፍ አድርጎ አስቀምጦ መብራት ሲጠፋም ይነበባል።

ዕድሜውን ሳታዩ ቪዲዮ አትጀምሩ። የፍላተር ትምህርት ሬይዝድበተን የሚባል ቁልፍ ካሳያችሁ አሮጌ ነው፤ በሌላ ተተክቷል። ዳርት እ.ኤ.አ. በ2021 ባዶ ዋጋን በተመለከተ ሕጉን አጠበቀ፣ ከ2023ቱ ዳርት 3 በኋላ ደግሞ የድሮውን አጻጻፍ ጭራሽ አይቀበልም። የአንድሮይድ ትምህርት ውስጥ ጄሴንተር የሚል ስም ካያችሁ እሱም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አዲስ ነገር መቀበል ያቆመ የኮድ ማከማቻ ነው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት 40 ጊጋ የሚሞሉ ኮርሶች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ናቸው። ልጁ ከመምህሩ ጋር ፊደል በፊደል እኩል ጽፎ ቀይ ሲመጣበት ራሱን ደደብ ያደርጋል፤ ጥፋቱ የቪዲዮው ዕድሜ ነው። ቀዩን ጽሑፍ ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፎ በአማርኛ እንዲያብራራ መጠየቅ ይረዳል፤ ሙሉ አፑን ጻፍልኝ ካላችሁት ግን እሱም አሮጌና አዲሱን ይቀላቅላል፣ እናንተም የት እንደተቀላቀለ አታዩም።

የምስክር ወረቀት ለሚፈልግ ሰው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ፤ በኦንላይን ነው፣ በነጻ ነው፣ የአንድሮይድ ትምህርትም ከመስኮቹ አንዱ ነው። ከተማው ውስጥ ከፍላችሁ ልትማሩ ካሰባችሁ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያለፈው ዙር ተማሪ የሠራውን አፕ ስልክ ላይ አሳዩኝ በሉ። እኔ አንድ ቦታ ብጠይቅ ያሳዩኝ የግድግዳ ላይ ፎቶ ነበር።

እንግዲህ ለማን የቱ? ስልክ ብቻ ካላችሁ አኮድና ጃቫስክሪፕት፤ የኢትዮጵያ ቀንም በነጻ ይመጣላችኋል። 4 ጊጋ ላፕቶፕ ካላችሁና በዚህ ወር የሚሠራ ነገር በእጃችሁ ማየት ከፈለጋችሁ አፕ ኢንቬንተር፤ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ከሆነ ያለ ጥርጥር እሱ። 8 ጊጋ ካላችሁና በዚህ ሥራ ለመቀጠር ካሰባችሁ ኮትሊን፣ ስድስተኛው ክፍል ድረስ ላለመተው ከራሳችሁ ጋር ተማምናችሁ። ፍላተርን ለመጀመሪያ አልመርጠውም፤ ለሁለተኛ ግን ደስ ይላል።

ተሠርቶ ሲያልቅ

የጨረሳችሁትን ኤፒኬ (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም መላክ ይበቃል። ተቀባዩ ስልክ ካልታወቀ ምንጭ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ፈቃድ ሲሰጠው ይጫናል። መዝገቡ ግን በየስልኩ ለየብቻ ነው የሚቀመጠው። ዳኛችን በራሳቸው ስልክ ማየት ሲፈልጉ ሰርቨር የሚባል ሌላ ዓለም ሊከፈት ሆነ፤ እኔ ግን በየእሁዱ ስክሪንሾት አንስቼ ለቡድኑ እልካለሁ።

ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት የምዝገባው 25 ዶላር አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ነው፤ ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ማግኘት ግን ከዶላሩ ይብሳል። አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ደግሞ አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀን እንዲሞክሩለት ይጠየቃል። ይህን ሳነብ "24 እቁብተኛ እያለኝ!" ብዬ ነበር። እሁድ ዕጣው ከወጣ በኋላ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ስማርት ስልክ ያላቸው 15 ናቸው። ከነሱ የጂሜይላቸውን የይለፍ ቃል የሚያስታውሱ ሰባት።